የጄንኪንስ ሥራዎችን በክላውድ ኮንቴይነሮች ስለማስኬድ

ጄንኪንስ የሶፍትዌር ግንባታና ፍተሻ ሥራዎችን በተያዘላቸው ሰዓት የሚያስጀምር ሥርዓት ነው። የኩበርኔቲስ ፕለጊን ሲጫንበት ለእያንዳንዱ ሥራ ጊዜያዊ ፖድ ይከፈታል፤ ሥራው ሲያበቃም ይወገዳል። በመሆኑም ሥራ በሌለበት ሰዓት ሰርቨር ያለ ጥቅም አይያዝም።

ተጠቃሚ ተቋማት ፕለጊኑን ከጫኑ በኋላ የክላስተሩን አድራሻ፣ ኔምስፔሱን እና የመግቢያ ማረጋገጫውን ይሞላሉ። ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ማረጋገጫው ነው። ሥራ ለማቀላጠፍ ሲባል የመላው ክላስተር አስተዳዳሪ ፈቃድ ከተሰጠው፣ ጄንኪንስ በሰርጎ ገቦች እጅ የወደቀ ዕለት የደንበኞች መረጃ ያለባቸው ሌሎች አገልግሎቶችም አብረው ይጋለጣሉ። ስለሆነም ለጄንኪንስ የተለየ ኔምስፔስ ማዘጋጀት፣ ፈቃዱም በዚያው ውስጥ ፖድ ከመፍጠር፣ ከመከታተልና ከመሰረዝ እንዳያልፍ ማድረግ ይገባል።

በአንድ ጊዜ ለሚከፈቱ ፖዶችም ጣሪያ ይቀመጥ። ራሱን በራሱ በሚያሰፋ ክላስተር ላይ ጣሪያ ከሌለ ወረፋ የያዙ ሥራዎች ሁሉ ባንዴ ተነሥተው የወሩን ክፍያ ያንሩታል።

የሰዓት ክልልም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በመርሐ ግብሩ ላይ የአዲስ አበባ ሰዓት ካልተጻፈ፣ በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ሰርቨር ለሌሊቱ 6 ሰዓት የታሰበውን ሥራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያስጀምረዋል።