የእንጦጦ ዳገትና የሞተሩ የውስጥ ካቴና

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው መንገድ ዕቃ ለሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት ትልቅ መፈተኛ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ይህ ደብር ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶው 70 እጅ ያህል ነው። ቤንዚን ያለ አየር አይቃጠልምና ጤነኛው ሞተር እንኳ በዚህ ዳገት ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህም ብዙ ባለንብረት ሞተሩ ሲደክምበት ጥፋቱን ሁሉ በዳገቱ ላይ ይጥላል። ነገር ግን ድካሙ ከከፍታው ሳይሆን ከሞተሩ ሆድ የሚመነጭበት ጊዜ አለ።

በብዙዎቹ ባለ አራት ምት ሞተሮች ውስጥ፤ ታች ያለውን ኮሎ ከላይ በቴስታታው ውስጥ ካለው ካም ጋር የሚያገናኝ ቀጭን ካቴና ይገኛል። ይህም ጎማውን ከሚነዳው የውጭ ካቴና የተለየ ነው። ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ ብቻ መዞር ስላለበት፤ የላይኛው ኮሮና የጥርሱ ቁጥር የታችኛው እጥፍ ነው። የታችኛው 16 ጥርስ ቢኖረው የላይኛው 32 ይኖረዋል ማለት ነው። ኮሎው በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፤ ይዘጋልም። ካቴናው መጋጠሚያዎቹ ተበልተው ሲረዝም ቫልቮቹ ከተወሰነላቸው ጊዜ ዘግይተው ይከፈታሉ፤ ጉልበትም ይጠፋል።

ሁለቱን ድካሞች ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም። ከፍታ ያመጣው ድካም ወደ መርካቶ ሲወርዱ ይቃለላል። የካቴናው ድካም ግን በሜዳም አይለቅም፤ ሞተሩም በተነሣ ቁጥር ከጎኑ የብረት መንቋቋት ይሰማል።

እዚህ ላይ ባለንብረቱ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሞተሩ ወርዶ በሚጠገንበት ጊዜ ወጪ ለመቆጠብ ሲል ካቴናውን ብቻ ገዝቶ በአሮጌዎቹ ኮሮናዎች ላይ ያስገጥማል። የተበላ ጥርስ ግን አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። ከዚህም በላይ ታችኛው ኮሮና በብዙ ሞተሮች ላይ ከኮሎው ጋር ተጣብቆ የሚገባ ስለሆነ፤ እርሱን ለመለወጥ ሞተሩን እንደገና መክፈል ሊያስፈልግ ነው። ሁለቱን ኮሮናዎች፣ ካቴናውንና መወጠሪያውን አብሮ መመርመርና የተበላውን መለወጥ የሚገባው ሞተሩ ተከፍቶ ሳለ ነው። መለዋወጫ የሚያስመጣ ነጋዴም የሞተሩን ዓይነት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ እንደ ሆንዳ ሲጂ 125 ያሉት ቫልቮቻቸው በዘንግ የሚገፉ ስለሆኑ ይህ ካቴና ጭራሹን የላቸውም።

አገጣጠሙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ባለሙያው በመጀመሪያ ካቴናው ወደ ታች እንዳይወድቅ በሽቦ ይይዘዋል። ቀጥሎ ፒስተኑ ጫፍ እስኪደርስ ኮሎውን አዙሮ፤ በኮሎው ጫፍ ባለው ከባድ መንኮራኩር ላይ የተቀረጸውን ምልክት ከሞተሩ ልብስ ምልክት ጋር ያስተካክላል። የላይኛው ኮሮና ምልክትም ፋብሪካው ባዘዘው ቦታ ሲቀመጥ ካቴናው ይጠለቃል፤ መላላቱ ሁሉ በመወጠሪያው በኩል ይሰበሰባል። ብሎኖቹ በታዘዘው ልክ ጠብቀው መወጠሪያው ከገባ በኋላ ሞተሩ ገና አይነሣም። በቁልፍ ተይዞ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ይዞራል። የሚገታው ነገር ቢኖር በኀይል መግፋት አይገባም፤ ቆሞ መመርመር ነው። ምልክቶቹ ዳግመኛ ከገጠሙ ሥራው ተከናወነ።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንዲት ጥርስ ብዙ ስለምታበላሽ ነው። 32 ጥርስ ባለው ኮሮና ላይ በአንዲት ጥርስ መሳሳት ካሙን 11 ዲግሪ ከሩብ ያስታል፤ በኮሎው ሲቈጠር 22 ዲግሪ ተኩል ይሆናል። በብዙ ሞተር ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት ጉልበት ያሳጣል፤ ስሕተቱ ሲበረታ ደግሞ ፒስተኑ ከቫልቩ ጋር ተጋጭቶ ቫልቩን ያጣምመዋል። ያን ጊዜ ለካቴና የታሰበው ወጪ ለቴስታታም አይበቃም።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ሞተር ብስክሌቶች ያለ ፈቃድ በከተማው እንዳይንቀሳቀሱ ከከለከለ ወዲህ፤ ፈቃድ ያለው ሞተር ለባለንብረቱ በቀላሉ የማይተካ ንብረት ሆኗል። እርሱ በጋራዥ በቆመ ቁጥር የሽሮ ሜዳው ጥበብ ለገዢው ይዘገያል፤ ደንበኛም ወደ ሌላ ይሄዳል። ሆኖም ባለንብረቱ «ዛሬውኑ ካልደረሰልኝ» እያለ ባለሙያውን ቢያጣድፍ ጉዳቱ የራሱ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፤ በጥድፊያ የተገጠመ ካቴና በእንጦጦ ዳገት እኩሌታ ላይ ይጋለጣል። አስተዋይ ነጋዴ ለባለሙያው አንድ ቀን ጨምሮ ይስጥ፤ ያቺ ቀን ከምታስቀረው ኪሳራ ጋር ስትመዛዘን ርካሽ ናት።