ከማስተማር ውጭ ያለው የሥነ ምድር ምሩቃን የዩኒቨርሲቲ ሥራ

ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያቀርበው የገፈርሳ ግድብ በስተደቡብ፣ በሰበታ አቅጣጫ የፉሪ ተራራ ይገኛል። በዚህ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም አቀፍ መረብ አካል የሆነ የመሬት ንዝረት መመዝገቢያ ጣቢያ ተቋቁሟል። እንዲህ ያለው ጣቢያ በመምህራንና በተመራማሪዎች ብቻ አይንቀሳቀስም። ባትሪውንና የሰዓቱን ትክክለኛነት የሚከታተል፣ የመጣውን መረጃ በየዕለቱ የሚያነብ ባለሙያ ይሻል። ብዙዎች የዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲባል ማስተማር ብቻ ስለሚመስላቸው፣ የሥነ ምድር ምሩቃን ይህን መስክ ሳያዩት ያልፋሉ።

ሥራው በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ሲሆን፣ መሥራቹ ካናዳዊው ፒየር ጉዌን ነበሩ። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ መሆኗ ለልኬቱ ተመራጭ አድርጓታል። ኦብዘርቫቶሪው ከጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደ ኢንስቲትዩትነት አድጓል። በ1953 ዓ.ም የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ማውደሙም እንዲህ ያለው ክትትል ለአገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያመለከተ ነበር።

የንዝረት መረጃ ተንታኙ መጀመሪያ የሚደርሰውን ፈጣን ሞገድና ተከትሎት የሚመጣውን ዘገምተኛ ሞገድ ለይቶ ያነባል። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ከጣቢያው እስከ መነሻው ያለውን ርቀት ያሳያል፤ ቢያንስ የሦስት ጣቢያዎች ንባብ ሲገናኝ ደግሞ መነሻ ቦታው ይታወቃል። አንዱ ጣቢያ በዚያች ሰዓት ኃይል ቢያጣ የጠፋው መዝገብ በኋላ ሊተካ አይችልም።

በቤተ ሙከራ ያለው ሥራም ከዚህ ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዓለትን 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪሆን አሳስቶ ለማይክሮስኮፕ ማዘጋጀት የእጅ ልምድ ነው፤ ከመጽሐፍ አይገኝም። የናሙና ክምችት፣ የካርታና የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት ሥራዎችም አሉ።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና አካባቢው የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ በተሰማበት ወቅት ሕዝቡና ባለሥልጣናት የዩኒቨርሲቲውን ባለሙያዎች ማብራሪያ ይጠባበቁ ነበር። ሆኖም ተንታኙ በጠቅላላ «ቴክኒሽያን» መጠሪያ ተመድቦ የዕድገት መሰላል ካላገኘ፣ ልምዱን ይዞ ወደ ማዕድን ፍለጋ ወይም ወደ ውኃ ቁፋሮ ሥራ ቢሄድ አያስገርምም። ስለሆነም የሥራ መደቦችን የሚያጠኑ የሰው ሀብት ኃላፊዎች የሌሊት ተረኝነቱን፣ የመስክ ጉዞውንና የመሣሪያ ጥገናውን በሥራ ዝርዝሩ ለይተው ማስፈር ይኖርባቸዋል።