የተርቦ ተረቶች፦ ከሮቤ እስከ ሳነቴ

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ 4,000 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በሐረና ጫካ እየተጠማዘዘ ይወርድና መና ላይ ከ1,500 ሜትር በታች ይሆናል። ከጎባ አጠገብ ካለችው ከሮቤ የተነሣ መኪና በግማሽ ቀን ውስጥ የደጋውን፣ የውርጩንና የቆላውን አየር ይስባል ማለት ነው። ተርቦ የተገጠመለት ወይም ቡስቱ (ተርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) የተጨመረለት ሞተር ጉድለቱ የሚጋለጠው በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ነው። ስለ ተርቦ የሚወራው ተረትም እዚህ የሚበዛው ለዚሁ ይመስለኛል።

«ተርቦ ያለው መኪና ከፍታ አያውቅም»

ግማሹ እውነት ነው። የሮቤ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ገደማ ሲሆን የሳነቴው 62 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ስለሚያንስ ሳነቴ ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ተርቦ አብዛኛውን ይመልስለታል፤ በነጻ ግን አይደለም። የቡስት ጌጁ 1 ባር ሲያነብ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ተርቦው አየሩን 2 እጥፍ ጨምቆታል። ሳነቴ ላይ ያው 1 ባር ሲነበብ ጭመቃው 2.6 እጥፍ ደርሷል። መርፌው ከቦታው ሳይነቃነቅ ተርቦው በባሰ ፍጥነት ይሽከረከራል፤ የሚገፋው አየርም ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ «ጌጁ ካልጨመረ ተርቦው አልተጎዳም» የሚለው አነጋገር ለአዳማ ይሠራ ይሆናል እንጂ ለሳነቴ አይሠራም።

«ድንገት የሚቆርጠው ፖምፑ ስለደከመ ነው»

ብዙ ገንዘብ ያስበላው ተረት ይህ ነው። ቡስቱ የተጨመረለት መኪና ዳገት ላይ ጥሩ ሲጎትት ቆይቶ፣ ቁልፉን ያጠፉበት ይመስል በድንገት ይንገጫገጫል። እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሣ ምንም እንዳልነካው ይመለሳል። «ፖምፕ ነው»፣ «ነዳጁ ውሃ አለበት» ይባልና ፊልትሮ ይቀየራል፣ ኖዝል ይፈታል። የተዘጋ ፊልትሮ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ጉልበት የሚያሳጣው ቀስ በቀስ ነው፣ ጫናው እስካለም አይለቅም። ባንዴ ቆርጦ ባንዴ መመለስ በአብዛኛው የሞተሩ ኮምፒውተር ሥራ ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት ፋብሪካው ከፈቀደው ሲያልፍ ነዳጅ ይዘጋል። አዳዲሶቹ የናፍጣ መኪኖች ፈጽመው ከመቁረጥ ይልቅ ጉልበት ቀንሰው መብራት ያበራሉ፤ ብዙዎቹም ጠፍተው እስኪነሡ ድረስ አይስተካከሉም። ሁለቱም ሞተሩን ለማዳን የተሠሩ ናቸው።

ታዲያ ግፊቱ ለምን ያልፋል? ተርቦው ላይ ትርፍ ጭስ የምታሳልፍ፣ ዌስትጌት የምትባል ትንሽ በር አለች። ስፕሪንግ ዘግቶ ይይዛታል፤ ቡስቱ ሲያይል በቀጭን ዘንግ ገፍቶ ይከፍታታል። የዘንጓን ዳዶ ሁለት ሦስት ዙር ሲያጠብቁት በሯ ዘግይታ ትከፈታለች፣ ቡስቱም ይወጣል። የሚያስፈልገው አንድ ቁልፍና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ እምቢ የሚል ጋራዥ ብዙ አይገኝም። ጉዱ ግን ሮቤ ላይ አይታይም። ለምሳሌ ጌጁ 1.2 ባር እንዲያነብ ተደርጎ ጠበቀ እንበል። የሮቤ አየር ራሱ 0.75 ባር ስለሆነ ድምሩ 1.95 ይመጣል። የኮምፒውተሩ ገደብ 2 ባር ቢሆን ዝም ይላል። መኪናው መና ሲወርድ የአካባቢው አየር 0.86 ባር ገደማ ይሆናል፤ ድምሩ 2.06 ይገባና ይቆርጣል። ሹፌሩ የቆላውን ሙቀት ያማል፣ የቀዳበትን ማደያ ይራገማል። ጥፋተኛዋ ሮቤ ላይ የጠበቀችው ዳዶ ናት።

«ሴንሰሩን መዋሸት ይቻላል»

መቻሉንስ ይቻላል። ግፊቱን አሳንሶ የሚነግር ነገር ሽቦው ላይ ይገባና ኮምፒውተሩ መቁረጡን ይተዋል። ቤንዚን ሞተር ላይ ይህ አደገኛ ነው፤ ኮምፒውተሩ የገባውን ትርፍ አየር ስለማያውቅ ነዳጁን በልኩ አይጨምርም። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፣ መጨረሻው የተበሳ ፒስተን ነው። ናፍጣ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ናፍጣን ትርፍ አየር አያግለውም፤ የሚያቃጥለው ትርፍ ነዳጅ ነው። የቤንዚን መኪና ያሠራ ወዳጅዎ የሚሰጠው ምክር ለእርስዎ ፒክአፕ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም የቴስታታው ጓርኒሲዮን የሚችለው ግፊት ልክ አለው፤ ናፍጣ ነው ብሎ አይምርም።

የላንድክሩዘሩ ዋን ኤች ዚ ሞተር ለብቻው መነሣት አለበት። ይህ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ተርቦ የለውም። ተርቦ ሲገጠምለት ሳነቴን የሚወጣው ሌላ መኪና ሆኖ ነው፤ እኔም ሐሳቡን አልቃወምም። ነገር ግን ፖምፑ ሜካኒካል ስለሆነ ግፊቱ ሲያልፍ ነዳጅ የሚቆርጥለት የለም። ፖምፑ ተከፍቶ ነዳጅ ከተጨመረለት ደግሞ ረጅም ዳገት ላይ የጭሱ ሙቀት ይወጣል፣ ቴስታታውም ሊሰነጠቅ ይችላል። ሹፌሩን የሚያስጠነቅቀው ከተርቦው በፊት የሚገባ የጭስ ሙቀት መለኪያ ብቻ ነው። ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቆየት ከጀመረ እግር ማንሣት ወይም ማርሽ መቀነስ ነው።

«ጥቁር ጭስ የጉልበት ምልክት ነው» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው፦ ጥቁሩ ጭስ አየር ያነሰው፣ በደንብ ያልነደደ ነዳጅ ነው። ከፍለው የቀዱት ናፍጣ በማርሚታ ይወጣል፤ ያውም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ በሰፈረውና የሳነቴው መንገድ በሚያቋርጠው ፓርክ መካከል።

«ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል»

ነዳጅ መቁረጥ የሹፌሩ ወዳጅ የሚሆነው እዚህ ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ፣ በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። በዜሮ ማርሽ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ስለዚህ ቆጣቢው ማርሹ ነው። ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች እንዲህ አይቆርጡም፤ በእነሱም ቢሆን የሚተርፈው ጥቂት ነዳጅ የፍሬን ዋጋ አያወጣም። ከሳነቴ ወደ ሐረና ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፤ ሙሉውን በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ፍሬኑ ይግልና መያዝ ያቅተዋል።

«ተርቦ ሳይበርድ አይጠፋም» የሚለው እውነት ነው፤ ግን ይጋነናል። ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣ መኪና መጠበቅ አያስፈልገውም። ዳገቱን ረግጠው ወጥተው ቀይ ቀበሮ ለማየት ሳነቴ ላይ ሲቆሙ ግን አንድ ሁለት ደቂቃ ይተዉት። ወዲያው ካጠፉት ተርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይደርቃል፣ የዘይት መንገዱንም ይዘጋል።

ቡስት ለማስጨመር ያሰቡ ሁሉ ዳዶው ከመነካቱ በፊት ሜካኒኩን ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ይህ መኪና ቆላ ሲወርድ ድምሩ ስንት ይገባል? የጭሱንስ ሙቀት በምን አያለሁ? መልሱ «አይዞህ፣ ችግር የለውም» ብቻ ከሆነ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።