የባልትና ቅመሞች፦ መዓዛቸው ከምን ይመጣል? እንዴትስ ይጠበቃል?

በኢትዮጵያ የቅመም ዝግጅት ባልትና ተብሎ የሚጠራው ሰፊ የቤት ሙያ ዋነኛ ክፍል ሲሆን፣ በርበሬ ቀንጥሶ፣ አድርቆና ደልዞ ማስፈጨትን፣ ኮረሪማ ፈልፍሎ መከለሻ መውቀጥን፣ ቅቤ አንጥሮ ማኖርን ሁሉ ያጠቃልላል። ይሁን እንጂ ለዝግጅቱ የሚደረገው ጥንቃቄ ለአቀማመጡ ስለማይደረግ፣ ብዙ ድካምና ወጪ የፈሰሰበት ቅመም ብዙ ጊዜ ዓመቱ ሳይጋመስ መዓዛውን ያጣል። መዓዛው በምን ምክንያት እንደሚጠፋ ከታወቀ፣ ቅመም መቼ መታመስ፣ መቼ መፈጨትና በምን መቀመጥ እንዳለበት መወሰን አያስቸግርም፤ ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ግን የቅመም ዕድሜ መቆጠር የሚገባው ከተገዛበት ቀን ሳይሆን ከተፈጨበት ቀን ጀምሮ መሆኑ ነው።

ሽታና ማቃጠል

ቅመም ለምግብ የሚሰጠው ጣዕም በሁለት ዓይነት ንጥረ ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው። አንደኛው ተናኝ ዘይት የሚባለው ሲሆን፣ ይህም እሳት ሳይነካው በቤት ውስጥ አየር እንኳ እየተነነ ወደ አፍንጫ የሚደርስ የብዙ ውሁዶች ድብልቅ ነው። የቅርንፉድ ሽታ በዋናነት ዩጂኖል ከተባለ ውሁድ የሚመነጭ ሲሆን፣ ነጭ አዝሙድና ጦስኝ በሽታ የሚቀራረቡት ሁለቱም ታይሞል የተባለውን ውሁድ ስለሚይዙ ነው፤ ኮረሪማም በባሕር ዛፍ ቅጠል ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ሲኒዮልን ስለሚይዝ የሚያነቃ ሽታ አለው። ሁለተኛው ዓይነት በቀላሉ የማይተን ሲሆን፣ በበርበሬና በሚጥሚጣ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን እንዲሁም በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፒፐሪን ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ፤ እነዚህ ሽታ የላቸውም ሊባል ቢችልም በምላስ ላይ የማቃጠል ስሜት ይፈጥራሉ።

ይህን ልዩነት ማወቅ ለማእድ ቤት ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው። ተናኙ ዘይት ሲያልቅ የማይተነው ስለሚቀር፣ መዓዛው ፈጽሞ የጠፋ በርበሬ እንደ ቀድሞው ሊያቃጥል ይችላል፤ በመሆኑም በርበሬን በምላስ ብቻ ቀምሶ ደህና ነው ማለት ያሳስታል። የተሻለው መመርመሪያ ጥቂቱን በመዳፍ ላይ አሽቶ ማሽተት ሲሆን፣ ሽታው ወዲያውኑ ካልተነሣ ቅመሙ ለጤና ባይጎዳም ከጥቅሙ አብዛኛው ሄዷል ማለት ነው። ካፕሳይሲን በስብ እንጂ በውኃ ስለማይሟሟም፣ ሚጥሚጣ ያቃጠለው ሰው ውኃ ቢጠጣ የማይበርድለት፣ አይብ ወይም ወተት ሲቀምስ ግን የሚቀለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክትፎ ከአይብ ጋር መቅረቡም ከዚህ አንጻር ሲታይ ተስማሚ ነው።

መፈጨት የሚያመጣው ለውጥ

በፍሬ፣ በዘርና በልጥ ቅመሞች ውስጥ ተናኙ ዘይት የሚገኘው ተዘግተው ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ ስለሆነ፣ ቅመሙ እስካልተሰበረ ድረስ ከአየር ጋር አይገናኝም። ሲወቀጥ ወይም ሲፈጭ ግን ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ፤ አየር የሚነካው የቅመሙ ገጽ እጅግ ይሰፋል፤ በወፍጮው ሰበቃ የሚፈጠረው ሙቀትም ዘይቱን የበለጠ ያተነዋል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚገኘው ኮረሪማ ከቅርፊቱ ሳይወጣ በገበያ መሸጡ ለዚህ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ቅርፊቱ ዘሩን ከአየርና ከብርሃን ስለሚጋርደው፣ ኮረሪማን በብዛት ፈልፍሎ ከማኖር ለሚሠራው ወጥ የሚበቃውን ያህል ብቻ መፈልፈል ይመረጣል። እንደ በሶብላ፣ ኮሰረትና ጦስኝ ባሉት ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ደግሞ ዘይቱ በአብዛኛው የሚገኘው በቅጠሉ ገጽ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ውስጥ ስለሆነ፣ እነዚህ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ ሥር መድረቅና ሳይደቅቁ መቀመጥ ይገባቸዋል።

ከዚህ ደንብ ወጣ የሚሉ ቅመሞችም አሉ። ነጭ ሽንኩርት ሳይቆረጥ ብዙም የማይሸተው የሽታው ምንጭ በውስጡ ተዘጋጅቶ ስላልተቀመጠ ነው፤ ሽንኩርቱ ሲደቅቅ ተለያይተው የነበሩት አሊን የተባለው ውሁድና ኢንዛይም የሚባለው የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ስለሚገናኙ፣ አሊሲን የተባለው ጠንካራ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ወዲያውኑ ይፈጠራል። ሰናፍጭም ደቅቆ በውኃ ሲበጠበጥ አፍንጫ የሚወጋው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ኢንዛይም በሙቀት ስለሚበላሽ፣ ነጭ ሽንኩርት ተደቁሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ወደ ድስት ቢገባ ጣዕሙ ይጎላል፤ ሰናፍጭም በቀዝቃዛ ውኃ ሲበጠበጥ ኃይሉ ይበረታል።

ከምጣድ እስከ ድስት

ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽና ሌሎች ዘሮች ከመፈጨታቸው በፊት በምጣድ የሚታመሱት በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ፣ ማመስ በዘሩ ውስጥ የቀረውን እርጥበት ስለሚያስወጣ ዘሩ ተሰባሪ ይሆናል፤ በሁለተኛ ደረጃ፣ በዘሩ ውስጥ ያሉት ስኳሮችና የፕሮቲን ክፍሎች በሙቀት እየተዋሐዱ በጥሬው ያልነበረ አዲስ መዓዛ ይፈጥራሉ። ሆኖም እሳቱ ከበዛ ተናኙ ዘይት አልቆ የማረር ሽታ ብቻ ስለሚቀር፣ በተለይም አብሽ ቶሎ ስለሚመርር፣ ማመሱ በለስላሳ እሳት፣ ያለማቋረጥ እየተማሰለና እያንዳንዱ ዘር ለየብቻው ሊከናወን ይገባል፤ ትልቁ ዘር እስኪበስል ትንሹ ያርራልና።

በድስት ውስጥም የቅመሞች ተራ የሚወሰነው በዚሁ ባሕርያቸው ነው። በርበሬ በቁሌት ጊዜ ቀድሞ የሚገባው፣ ካፕሳይሲኑም ሆነ ቀይ ቀለሙን የሚሰጡት ካሮቲኖይድ የተባሉት ንጥረ ነገሮች በዘይት ስለሚሟሟና ረጅም ማብሰልን ስለሚችሉ ነው፤ በርበሬ ስኳር ስላለው ግን ከድስቱ ሥር ይዞ እንዳያርርና ወጡን እንዳያመርረው ውኃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት ያስፈልጋል። መከለሻ በአንጻሩ እንደ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ያሉ በተናኝ ዘይት የበለጸጉ ቅመሞች ድብልቅ በመሆኑ፣ ወጡ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ተነስንሶ ድስቱ መከደን አለበት። ቀደም ብሎ ቢገባ ማእድ ቤቱን በሽታ ይሞላው እንጂ ወጡ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል። ንጥር ቅቤም የዚሁ ዕውቀት ውጤት ነው፤ ቅቤው ሲነጠር ለመበላሸት የሚዳርገው ውኃ ይተናል፣ አጓቱም ይወጣል፤ የኮሰረቱ፣ የኮረሪማውና የበሶብላው ዘይት ደግሞ በቅቤው ስብ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚቀር በአየር ላይ ከመበተን ይድናል።

ቅመምን የሚያበላሹት

ቅመምን የሚጎዱት አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀትና እርጥበት ናቸው። አየር ዘይቱን ያሻግተዋል፤ ብርሃን የበርበሬውን ቅላትና የእርዱን ቢጫነት ያደበዝዛል፤ ሙቀት ትነትን ያፋጥናል፤ እርጥበት ሻጋታን ይጋብዛል። ስለዚህ ተስማሚው ዕቃ በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለውና ከብርሃን በራቀ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ የብርጭቆ ወይም የቆርቆሮ ዕቃ ሲሆን፣ ስስ ፕላስቲክ ግን አየር ስለሚያስገባና ሽታን ስለሚመጥ ለረጅም ጊዜ አይመከርም። ለእጅ ይቀርባል ተብሎ ቅመምን ከምድጃ በላይ መደርደር ሙቀቱንና እንፋሎቱን አንድ ላይ ስለሚያገናኘው ከሁሉም የከፋው አቀማመጥ ነው። ከሚንተከተክ ድስት በላይ ዕቃውን ይዞ መነስነስና በእርጥብ ማንኪያ መጨለፍም እንዲሁ እርጥበትን ወደ ዕቃው ያስገባሉ። ከወፍጮ ቤት በትኩሱ የመጣ ዱቄትም ወዲያው ቢታሸግ እንፋሎቱ በክዳኑ ላይ ወደ ውኃ ስለሚለወጥ፣ ቀድሞ በጥላ ሥር በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ መቀዝቀዝ አለበት።

በዚህ መንገድ የተያዘ ያልተፈጨ ቅመም ከ2 እስከ 4 ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ የተፈጨው ግን መዓዛው የተሟላ ሆኖ የሚቆየው ለጥቂት ወራት ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የሚኖሩና በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት የሚላክላቸው ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ማኖራቸው ትነትንና መሻገትን ስለሚያዘገይ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ቀዝቃዛው ዕቃ ወዲያው ቢከፈት የክፍሉ አየር እርጥበት በዱቄቱ ላይ ስለሚያርፍ፣ ለወሩ የሚበቃውን በአነስተኛ ዕቃ ለይቶ ማውጣትና ቅዝቃዜው ሳይለቀው አለመክፈት ያስፈልጋል።

ሻጋታ እንደ ቀላል አይታይም

መዓዛ ማጣት የጣዕም ጉዳት ብቻ ሲሆን፣ ሻጋታ ግን የጤና አደጋ ነው። አስፐርጊለስ ከተባለው የሻጋታ ወገን አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የተባለውንና ለጉበት ካንሰር የሚዳርገውን መርዝ ያመነጫሉ፤ ይህ መርዝ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የተበከለ የኦቾሎኒ መኖ የበሉ እጅግ ብዙ የቱርክ ዶሮዎች ካለቁ በኋላ በተደረገ ምርመራ ነው። በርበሬ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ፣ በደንብ ሳይደርቅ በጆንያ ሲታጨቅ ወይም በድለዛ ጊዜ የነካው እርጥበት ሳይወጣለት ሲቀመጥ ለዚህ ሻጋታ ይመቻል። አፍላቶክሲን በማመስም ሆነ በማብሰል ሙሉ በሙሉ ስለማይጠፋ፣ የሻገተውን ክፍል ለቅሞ በመጣል ወይም እንደገና ፀሐይ ላይ በማስጣት በርበሬውን ማዳን አይቻልም። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ግራም በርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው ጠቅላላ የአፍላቶክሲን መጠን 10 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም ከአንድ ግራም መቶ ሺህኛው ክፍል ብቻ መሆኑ፣ ጉዳዩ በዓይን በማየት የሚመዘን አለመሆኑን ያሳያል። ስለሆነም በርበሬን ከነዛላው መርጦ መግዛት፣ ነጣ ያለውንና በውስጡ የጠቆረውን ለይቶ ማስወገድ፣ በአልጋ ወይም በንጹሕ ሸራ ላይ ማስጣትና ሲጨበጥ ተሰባብሮ እስኪንኮሻኮሽ ማድረቅ ከቤት ሊደረጉ ከሚችሉት ጥንቃቄዎች ዋነኞቹ ናቸው፤ ዛላ መግዛቱ የተፈጨ በርበሬ ላይ ከሚደረገው የባዕድ ነገር ቅልቅልም ይጠብቃል።

ከላይ የተገለጸው ሁሉ የዓመት ስንቅ የማዘጋጀትን ልማድ የሚቃወም ሳይሆን የመጨረሻውን ደረጃ ብቻ የሚያሻሽል ነው። በርበሬውን በወቅቱ ገዝቶ፣ ደልዞና በሚገባ አድርቆ ካበቁ በኋላ ሁሉንም በአንድ ቀን ከማስፈጨት ይልቅ ደረቁን ድልዝ በታሸገ ዕቃ አኑሮ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ በከፊል ማስፈጨት፣ የመከለሻ ቅመሞችን ደግሞ ሳይፈጩ አስቀምጦ ለሳምንት የሚበቃውን ያህል በሙቀጫ መውቀጥ ይቻላል። ይህ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ተጨማሪ የወፍጮ ቤት ምልልስ የሚጠይቅ ቢሆንም፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚሠራው ወጥ በመጀመሪያው ወር ከተሠራው በመዓዛ እምብዛም እንዳያንስ ስለሚያደርግ፣ ለዝግጅቱ የወጣው ገንዘብና ጉልበት ሳይባክን ይቀራል።