ወንዳወንድ የምንላት ልጅ

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። በዓሉ ደብረ ታቦር ይባላል፤ በደቡብ ጎንደር ያለችው የደብረ ታቦር ከተማም ስሟን የወሰደችው ከታቦር ተራራ ነው። በከተማዋ አቅራቢያ በጉና ተራራ ግርጌ ያሉ እረኞች ቀኑ ሳይደርስ ጅራፍ ገምደው ሲያጮሁ ይሰነብታሉ፤ ሲደርስም ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ጅራፉም ጭፈራውም የወንድ ልጅ ነው። ጅራፉን ከወንድሟ ተቀብላ የምታጮህ፣ ዛፍ የምትወጣ፣ ከእኩዮቿ ጋር ትግል የምትገጥም ልጅ ወዲያው ስም ይወጣላታል፦ ወንዳወንድ።

ቃሉ የተሠራው «ወንድ» ተደግሞ በመካከሉ «አ» ገብቶበት ነው። ብረታብረት፣ ቅጠላቅጠል፣ ጨርቃጨርቅ ስንል ድግሙ ብዛትንና ዓይነትን ያሳያል፤ በወንዳወንድና በሴታሴት ግን መምሰልን ነው። ወንድ ወንድ የሚላት ማለት ነው።

ስሙን የሚያወጣላት ግን መልኳ ሳይሆን ሥራዋ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ሴት ታርማለች፣ አጨዳ ታግዛለች፣ እህል ትሸከማለች፤ እርፍ መጨበጥ ግን ነውር ሆኖ ኖሯል። ባል የሞተባት እናት ጥንድ በሬ ቢኖራት እንኳ አራሽ ትለምናለች፤ ካጣችም መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ከገዛ ማሳዋ የሚገኘውን እህል ትካፈላለች። በልጅነት «ወንዳወንድ ሆንሽ» ተብላ ከወንድ ሥራ የራቀችው ሴት፣ የስሙን ዋጋ የምትከፍለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ነውር የማይነሳ አለመሆኑን ያሳየ መንደር እዚያው ዞን ውስጥ አለ። ዙምራ ኑሩና ተከታዮቻቸው በ1964 ዓ.ም በፎገራ ወረዳ የመሠረቱት አውራ አምባ ሥራን በጾታ አይከፍልም። ሴት ታርሳለች፣ ሸማ ትሠራለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። እርፍ የጨበጠችው ሴት እዚያ ገበሬ ናት፤ ሌላ ስም አያስፈልጋትም።

ምስጋናችንም ቢሆን ከስድቡ አይርቅም። አንዲት ሴት ቁም ነገር ስትሠራ «ወንድ ናት» እንላለን። በ1888 ዓ.ም በመቀሌ ምሽግ ያለው የጣሊያን ጦር ውኃ እንዲቆረጥበት የመከሩት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። ምክሩ የእርሳቸው ሆኖ ሳለ ጀግንነቱን ለወንድነት መስጠት የሴቲቱን ድርሻ መንጠቅ ነው።

ለወንድም ለሴትም የምንለው «ጎበዝ» የሚል ቃል አለን። ወላጅም መምህርም ልጅቱን በዚህ ይጥራት። ዛሬ በሥራዋ ያላፈረች ልጅ፣ ነገ ማሳዋን ራሷ አርሳ ምርቷን ሙሉ ታስገባለች።