ከርክክብ በኋላ ያለው ሥራ፦ የምሩቃን ማኅበራትና የማኅበረሰብ አገልግሎት



በዛሬው ገለጻዬ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። የምሩቃን ማኅበራት በየምሥረታቸው ወገንን ለማገልገል ቃል ይገባሉ፤ ታዲያ አገልግሎታቸው ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀን ዝግጅት የማያልፈው ለምንድን ነው?

መልሱን የተማርሁት ከራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አብረን የተመረቅን ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ለአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ሰጠን። ርክክቡ ደማቅ ነበር፤ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶግራፍ ተነሣን፣ ተጨበጨበልን። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ በዚያ ሳልፍ ወደ ግቢው ጎራ አልሁ። ኮምፒውተሮቹ ከነካርቶናቸው በዕቃ ቤት ተደርድረዋል፤ የኤሌክትሪክ መስመር ወደ ግቢው አልገባም ነበር። ርእሰ መምህሩ በትሕትና፣ «ስጦታችሁን አልናቅንም፤ ብትጠይቁን ኖሮ ግን የፊዚክስ መምህር እንደሌለን እንነግራችሁ ነበር» አሉኝ። ከእኛ መካከል አራቱ ፊዚክስ ያጠኑ ነበሩ።

ከዚህ ገጠመኝ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሼ የአገራችንን ልምድ መረመርሁ። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ለዲግሪ ከመብቃታቸው በፊት አንድ ዓመት ወጥተው እንዲያገለግሉ የሚያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ በመምህርነት ተመደቡ። መርሐ ግብሩን ለዛሬው ርእሳችን ጠቃሚ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አገልጋዩ ይዞ የሄደው ዕውቀቱን ነው፤ የተመደበበት ቦታ የጎደለው ሰው ነበር፤ የቆይታውም ጊዜ ተማሪዎቹን በስማቸው ለማወቅ የሚበቃ ነበር። የእኛ ስጦታ ሦስቱንም አጥቶ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ልዩነት መዘንጋት የለበትም። ያ አገልግሎት ግዴታ ነበር፤ ያላገለገለ አይመረቅም። የተመረቀን ሰው ግን የሚያስገድደው ደንብ የለም። ሥራ፣ ቤተሰብና የኑሮ ውድነት ይዘውታል። እንግዲህ በግዴታው ቦታ ምን ይተካል? የብዙ ማኅበራት መልስ ስሜትን መቀስቀስ ነው። ስሜት ለአንድ ቅዳሜ ይበቃል፤ ለሁለተኛው ዓመት ግን አይተርፍም።

የተሻለው መልስ ከየሰፈራችን አይርቅም። ዕድር የመንግሥት ትእዛዝ ሳያስፈልገው ትውልድ የተሻገረው በአሠራሩ ነው። መዋጮው አነስተኛና የታወቀ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በስም ይታወቃሉ። ስም ይጠራል፤ የቀረም ይቀጣል። ከሁሉ በላይ አባሉ ገንዘብ በማዋጣቱ ብቻ ነጻ አይሆንም፤ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። በሌላ አነጋገር ዕድር የሰውን ደግነት አምኖ ብቻ አይቀመጥም፤ ደግነቱ የሚገለጥበትን ቀንና ተራ ይወስንለታል።

እኛም ይህንኑ ሞከርን። በቅድሚያ ርእሰ መምህሩን ጠየቅን፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከብሔራዊው ፈተና በፊት የፊዚክስና የሒሳብ እገዛ እንደሚሹ ነገሩን። ተራ አወጣን፤ ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት ሁለት ቅዳሜ ብቻ ደረሰው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ሥራው ማንንም አላጎበጠም። ጸሐፊያችን ተረኛውን አስቀድሞ ያስታውሳል፤ መሄድ ያልቻለ ምትክ ይፈልጋል። ውጭ አገር ያሉት ጓደኞቻችን የተረኛውን የመጓጓዣ ወጪ ይሸፍናሉ፤ የመለማመጃ ጥያቄም እያዘጋጁ ይልካሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ሰዎች ተራቸውን ሳይወጡ ቀርተዋል። አሠራሩ ግን ከእነርሱ መቅረት ጋር አልቆመም፤ እንደ ስኬት የምቆጥረውም ይህንን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፦ «የመምህር እጥረትን መሙላት የመንግሥት ኃላፊነት አይደለምን?» በእርግጥ ነው። ምሩቃን የመንግሥትን ድርሻ ለዘለቄታው ከተሸከሙ ጉድለቱ ይሸፈናል፤ የሚጠየቅም ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚያበቃበት ሁኔታ ከጅምሩ መጻፍ አለበት። እኛ መምህር በተመደበ ጊዜ የፊዚክሱን ትምህርት ለእርሱ አስረክበን ቤተ ሙከራውን ወደ ማደራጀት ለማለፍ ተስማምተናል። እስከዚያው ግን ዘንድሮ የሚፈተነው ልጅ የበጀት ዓመቱን ሊጠብቅ አይችልም።

ዩኒቨርሲቲዎችም ድርሻ አላቸው። የማኅበረሰብ አገልግሎት ከመማር ማስተማርና ከጥናትና ምርምር ጋር ሦስተኛው ተልእኳቸው መሆኑ ዘወትር ይነገራል። ምሩቁን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሱት የገንዘብ ድጋፍ ሲፈለግ ነው። የምሩቃንን አድራሻና ሙያ በወቅቱ መመዝገብ፣ በአካባቢው ካሉ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎችን መሰብሰብ፣ ሁለቱን ማገናኘት ብዙ በጀት አይጠይቅም። አንድ ትጉህ ሠራተኛና በሚገባ የተያዘ መዝገብ ይበቃሉ።

በመጨረሻ የምናገረው ለእናንተ፣ ዘንድሮ ለምትመረቁ ተማሪዎች ነው። ሀብት ስታፈሩ ለማገልገል አትቅጠሩ፤ ያ ቀን ሁልጊዜ ወደፊት ይሸሻል። ከመበተናችሁ በፊት የክፍላችሁን ስም ዝርዝር ያዙ፣ ጸሐፊ ምረጡ፣ አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ምን እንደጎደለው ጠይቁ። ከዚያም ተራ አውጡ። የእኛ ኮምፒውተሮች በካርቶን ውስጥ ያረጁት ልበ ደግ ሰዎች ስላልነበርን አይደለም። ማንም ስላልጠየቀና ተረኛ ስላልነበረ ነው።