የኮሶ ዛፍ ጥቅሙና ጉዳቱ

በወሎ ደጋ ከሚያብቡት ዛፎች መካከል እንደ ኮሶ ስሙ በየቤቱ የሚነሣ ጥቂት ነው። ትሉም ሕመሙም በመድኃኒቱ ስም «ኮሶ» ተብለው መጠራታቸው ይህንኑ ያስረዳል።

የኮሶ ዛፍ ወንዴና ሴቴ አለው። ለመድኃኒትነት የሚመረጠው እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ የሚቀላው የሴቴው አበባ ነው። ይህም ደርቆና ተወቅጦ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ትሉንም ያስወጣል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም የአውሮፓ ሐኪሞች አበባውን እያስመጡ ለሕሙማን ይሰጡ ነበር።

ነገር ግን መድኃኒት ከልኩ ሲያልፍ መርዝ ይሆናል። የአበባው ኃይል እንደ ዛፉና እንደ ቆይታው ስለሚለያይ፣ በእፍኝ መስፈር አያስተማምንም። የበዛ እንደ ሆነ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ የዓይንንም ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ከቶ ሊጠጡት አይገባም።

ስለዚህ በቢስቲማም ሆነ በደሴ የምትኖሩ እመቤቶች ሆይ፣ ከቤተ ሰባችሁ አንዱ በዓይነ ምድሩ ነጫጭ የትል ቁራጭ ያየ እንደ ሆነ ወደ ሐኪም ላኩት፤ ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉ፣ ልካቸው የታወቀ ክኒኖች አሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። የትሉ እንቁላል በሜዳ ከተጣለ ዓይነ ምድር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት ይተላለፋል፤ ትሉም በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ይመለሳል። ሥጋን አብስሎ የሚበላና በመጸዳጃ ቤት የሚጠቀም ቤተ ሰብ መራራውን ኮሶ መጠጣት አያስፈልገውም።